ከሻርለት እስከ ታላዴጋ፦ ናስካርን ከፒት በኩል ማየት

የአሜሪካውን የመኪና ውድድር፣ ናስካርን፣ በቴሌቪዥን ብቻ የሚያይ ሰው መኪኖች ወደ ግራ ሲዞሩ ነው የሚያየው። አሸናፊው ግን ብዙ ጊዜ የሚለየው ከትራኩ ጎን በተዘረጋችው ጠባብ መንገድ፣ ፒት ውስጥ ነው። አራት ጎማ ይቀየር ወይስ ሁለት? አሁን ይገባ ወይስ አምስት ዙር ይታገሥ? ታንኩ ይሙላ ወይስ እስከ መጨረሻው የሚያደርሰው ያህል ይበቃዋል? አንዱ ትራክ ላይ ትክክል የሆነው መልስ ሌላው ላይ ውድድር ያሳጣል፤ አስፋልቱም፣ ርዝመቱም፣ የማዞሪያው ማጋደልም ይለያያላ። ይህን በዓይን ለማየት ከሰሜን ካሮላይና ተነሥቶ፣ በደቡብ ካሮላይና፣ በቨርጂኒያና በቴነሲ ዞሮ፣ አላባማ ላይ የሚያበቃውን መንገድ መንዳት ነው። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አንደኛ ቀን፦ ሻርለትና ኮንኮርድ

ጉዞው የሚጀምረው ሻርለት መሀል ከተማ፣ በሜይ 2010 ከተከፈተው የናስካር የዝና አዳራሽ ነው። ከሁሉም በፊት መታየት ያለበት ታዋቂ መኪኖች ተደርድረው የቆሙበት፣ ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ ነው። ወለሉ ቀስ በቀስ እያጋደለ ሄዶ 33 ዲግሪ ይደርሳል፤ ይህ የታላዴጋ ማዞሪያ ልክ ነው። ካሜራ ሜዳ የሚያስመስለው ነገር እዚያ እንደ ቤት ጣሪያ ቁልቁል ሆኖ ይታያል። የትራኮቹን ዲግሪ በቁጥር ብቻ የሚያውቅ ሰው ልዩነቱ የሚገባው እዚህ ነው።

ውድድሩን የሚያካሂደው ናስካር የተባለው ድርጅት የተጠነሰሰው በዲሴምበር 1947 ዴይቶና ቢች ውስጥ በስትሪምላይን ሆቴል በተደረገ ስብሰባ ሲሆን መሪው ቢል ፍራንስ ነበር። የመጀመሪያው የዋናው ምድብ ውድድር የተካሄደው ደግሞ እዚሁ ሻርለት፣ በአፈር ትራክ ላይ፣ ጁን 19 ቀን 1949 ነው። ግሌን ደናዌይ ቀድሞ ገባ፤ ከፍተሻ በኋላ ግን የኋላው ሞላ ከተፈቀደው ውጪ ተስተካክሎ ስለተገኘ ተሰረዘና ድሉ ለጂም ሮፐር ተሰጠ። የመካኒክና የተቆጣጣሪ ትግል ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ አለ ማለት ነው።

የሻርለት ሞተር ስፒድዌይ የሚገኘው ኮንኮርድ ነው፤ ከመሀል ከተማ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። 1.5 ማይል፣ ማዞሪያው 24 ዲግሪ። በሜይ መጨረሻ የሚደረገው ኮካ ኮላ 600 የናስካር ረጅሙ ውድድር ነው፤ 400 ዙር፣ በ100 ዙር ተከፍሎ በአራት ምዕራፍ ይነዳል። በፀሐይ ተጀምሮ በመብራት ስለሚያልቅ ለክሩ ቺፍ (ክሩ ቺፍ የሚባለው የመኪናውን አቋምና የፒቱን ስልት የሚወስነው አዛዥ ነው) ፈተናው ሙቀቱ ነው። ፀሐይ ላይ አስፋልቱ ሲግል መያዣው (ጎማው አስፋልቱን ቆንጥጦ የሚይዝበት ኃይል) ይቀንሳል፣ መኪናው ይንሸራተታል። ሲመሽና ሲቀዘቅዝ መያዣው ይመለሳል፤ ያኔ ብዙዎቹ መኪኖች ታይት ይሆናሉ፤ መሪው ይዞራል፣ አፍንጫው ግን ወደ ውጪው ግድግዳ ይሄዳል። የዚህ ተቃራኒ ሉዝ የሚባለው፣ ኋላው ሾልኮ ሊወጣ ሲል ነው። ቀን ላይ ፍጹም የነበረ መኪና ማታ አሥረኛ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። ጥሩ ክሩ ቺፍ ቀን ላይ ትንሽ ሉዝ የሆነውን መኪና ታግሦ ይዞ ይቆያል፤ ማታ እንደሚታረም ያውቃልና። ማስተካከያው ፒት ላይ ሁለት ዓይነት ነው፦ የጎማ ንፋስ መጨመርና መቀነስ፣ እና በኋለኛው መስታወት በኩል ረጅም ቁልፍ አስገብቶ የሞላውን ማስተካከያ ማዞር። ሁለተኛው በአራቱ ጎማ ላይ የሚያርፈውን ክብደት ከጥግ ወደ ጥግ ያዘዋውራል።

የነዳጁ ሒሳብ ቀላል ነው። ታንኩ 20 ጋሎን ይይዛል። መኪናው በጋሎን 4.5 ማይል ቢሄድ 90 ማይል ይሄዳል፤ ሻርለት ላይ 60 ዙር። በ2011 ዴል ኧርንሃርት ጁኒየር የመጨረሻውን ዙር እየመራ ሳለ በመጨረሻው ማዞሪያ ነዳጅ አልቆበት ኬቪን ሃርቪክ አልፎት አሸነፈ። ሹፌር ነዳጅ የሚቆጥበው ከማዞሪያው በፊት እግሩን ቀደም ብሎ በማንሣትና መኪናውን በራሱ ግፊት በማስገባት ነው፤ ቢጫ ባንዲራ ሲውለበለብ (ግጭት ሲኖር ሁሉም ሳይተላለፍ በዝግታ የሚነዳበት ጊዜ ነው) ደግሞ ሞተሩን አጥፍቶ በመንሸራተት። አደጋ አለው፤ ሞተሩ ተመልሶ ካልተነሣ ሁሉም ነገር ያበቃል።

በ2025 ዊሊያም ባይረን ከ400ው ዙር 283ቱን መርቶ ሳለ ሮስ ቻስቴን ስድስት ዙር ሲቀረው አልፎት ወሰደው። ቻስቴን የተነሣው ከመጨረሻው ረድፍ፣ ዋናው መኪናው በልምምድ ተጋጭቶ በሌሊት በተሰናዳ ሁለተኛ መኪና ነበር። ለባይረን ማዘን ይቻላል፤ የዚያን ሌሊት ምስጋና የሚገባቸው ግን የቻስቴን መካኒኮች ናቸው።

የቡድኖቹ ጋራዦች ኮንኮርድ፣ ሃንተርስቪልና ሙርስቪል ተሰብስበው ስላሉ ከሰዓቱ በእነሱ ያልፋል፤ የሄንድሪክ ቡድን ጋራዥ ከትራኩ ቅርብ ነው። ጎብኚ የሚያስገቡበት ሰዓት ስለሚለያይ አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ፒት ስቶፕ እንዴት እንደሚሠራ ሳያውቁ መሄድ ግን ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ እዚህ ላይ እንዘርዝረው።

ከግድግዳው የሚዘልሉት አምስት ናቸው፦ ሁለት ጎማ ፈቺ፣ አንድ ጎማ አቀባይ፣ አንድ ክሪክ ያዥ፣ አንድ ነዳጅ ቀጂ። መኪናው ሊደርስ የአንድ መቆሚያ ያህል ሲቀረው መዝለል ይፈቀዳል፤ ከዚያ በፊት ቅጣት ነው። በፊት በኩል ዞረው ወደ ቀኝ ጎን ይሮጣሉ። ክሪክ ያዡ በአንድ ግፊት ቀኙን ሙሉ ያነሣዋል። ፈቺዎቹ ዳዶውን ያስለቅቃሉ፣ ጎማውን ይነቅላሉ፣ አዲሱን ሰክተው ያጠብቃሉ። ክሪኩ ይወርዳል፣ ወደ ግራ ይዞራሉ፣ ያንኑ ይደግማሉ። የግራው ክሪክ ሲወርድ ለሹፌሩ "ሂድ" ማለት ነው። ጥሩ ቡድን አራቱን ጎማ በ9 ሴኮንድ ገደማ ይጨርሳል። ነዳጅ ቀጂው በዚህ ሁሉ መሀል በግራ ኋላ ቆሞ በየተራ ሁለት ጀሪካን ያፈስሳል፤ እያንዳንዱ 11 ጋሎን ያህል ይይዛል፣ ሙሉውን ትከሻ ላይ ማንሣት ከ35 ኪሎ በላይ መሸከም ነው።

ከ2022 ጀምሮ በገባው አዲሱ መኪና አምስት የነበረው ዳዶ አንድ ትልቅ ሆኗል፤ ቸርኬውም 18 ኢንች አሉሚኒየም ነው። ፈጠነ፣ ግን አዲስ ችግር መጣ። ቸርኬው ከኋላው ካሉት ፒኖች ጋር ልክ ካልገጠመ ሙሉ በሙሉ አይቀመጥም፤ መሣሪያው ግን ዳዶውን ያጠበቀ ያስመስላል። ሹፌሩ ወጥቶ ሁለት ማዞሪያ ሳይሄድ መንቀጥቀጡ ይሰማዋል። በአምስት ዳዶ ዘመን አንዱ ቢላላ አራቱ ይይዙ ነበር፤ አሁን የሚይዝ ሌላ የለም፤ ጎማው ወልቆ ይሄዳል። ትራክ ላይ ጎማ የወለቀበት ቡድን ሁለት ዙር ይቀጣል፣ ሁለት ሠራተኞቹም ለሁለት ውድድር ይታገዳሉ።

ሌላው በተደጋጋሚ የሚያስቀጣው ፍጥነት ነው። የፒት ወሰኑ እንደ ትራኩ ከ30 እስከ 55 ማይል በሰዓት ይሆናል። ፒት መንገዱ በመሬት በተቀበሩ መስመሮች ተከፋፍሏል፤ የሚለካውም በሁለት መስመር መካከል ያለው አማካይ ፍጥነት ነው። ስለዚህ መቆሚያው ከመለኪያው መስመር ትንሽ ቀደም ብሎ ያለ ሹፌር ሲነሣ እንደልቡ ቤንዚን ይረግጣል፤ የቆመበት ጊዜ አማካዩን ያወርድለታላ። ቡድኖች መቆሚያ ሲመርጡ የሚያዩት ይህንን ነው። የመጀመሪያ ምርጫ ያገኘ መውጫው አጠገብ ያለችውን ይወስዳል፤ ከፊቱ የሚዘጋው መኪና የለምና።

ሁለተኛ ቀን፦ ዳርሊንግተን

ከሻርለት ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከሁሉም ትራክ አንዱን ብቻ እዩ ብንባል የምንመርጠው ይህንን ነው። 1.366 ማይል ነው፤ የገነባው ሃሮልድ ብራሲንግተን በአንድ በኩል የጎረቤቱን የዓሣ ኩሬ ላለመንካት ማዞሪያውን ስላጠበበው ቅርጹ እንደ እንቁላል ነው። አንደኛውና ሁለተኛው ማዞሪያ 25 ዲግሪ፣ ሦስተኛውና አራተኛው 23። አንድ መኪና ለሁለቱም ጫፍ አይስተካከልም፤ አንዱን ጫፍ መምረጥ ግድ ነው። በመጨረሻው ማዞሪያ የቀኝ ጎኑን ግድግዳው ላይ ያላሸ ሹፌር አልነዳም ይባላል።

በሴፕቴምበር 4 ቀን 1950 የተደረገው የመጀመሪያው ሳውዘርን 500 የጎማ ትምህርት ነው። 75 መኪና ተነሣ። ጆኒ ማንትዝ ፕሊመዝ ይዞ ከሁሉም በዝግታ ነዳ፣ ግን ጠንካራ የከባድ መኪና ጎማ አስሮ ነበር። ፈጣኖቹ ጎማ እየፈነዳባቸው ሲቆሙ እሱ መንዳቱን ቀጥሎ በብዙ ዙር ልዩነት አሸነፈ።

ዛሬም ያው ነው። አስፋልቱ ሸካራ፣ አሸዋ የበዛበት ነው፤ ጎማን እንደ ሞረድ ይበላል። አዲስ ጎማ ያሰረ መኪና አርባ ዙር ከሮጠው በዙር ከ2 ሴኮንድ በላይ ይፈጥናል። ከዚህ የሚወጣው ስልት ቀድሞ መግባት ነው። ሁለት እኩል መኪኖች አሉ እንበል። አንዱ ከሌላው አምስት ዙር ቀድሞ ገብቶ አራት ጎማ ቢቀይር በዙር 2 ሴኮንድ፣ በአምስት ዙር 10 ሴኮንድ ያገኛል። የትራኩ አንድ ዙር 30 ሴኮንድ ያህል ስለሆነ 10 ሴኮንድ የትራኩ ሲሶ ነው፤ በመንዳት ብቻ የማይገኝ። ታዲያ ሁሉም ለምን ቀድሞ አይገባም? ቢጫ ባንዲራን ስለሚፈሩ። በአረንጓዴ ባንዲራ፣ ማለትም ውድድሩ በሙሉ ፍጥነት ሲቀጥል፣ ፒት መግባት አንድ ዙር ያህል ያስከፍላል። ገብተህ ከወጣህ በኋላ ሌሎቹ ሳይገቡ ግጭት ተፈጥሮ ቢጫ ቢውለበለብ እነሱ ምንም ሳያጡ ይቀይራሉ፣ አንተ በአንድ ዙር ወደ ኋላ ትቀራለህ። መውጫው ሁለት ነው፦ ከመሪው በዙር ከቀሩት መኪኖች የመጀመሪያው መሆንና ዙሩን በነጻ ማስመለስ፣ ወይም መሪዎቹ ፒት ሲገቡ ሳይገቡ ቀርቶ ዞሮ ከሰልፉ ኋላ መሰለፍ። ሁለተኛው ዙሩን ይመልሳል፣ ያረጀውን ጎማ ግን አይቀይርም።

አራት ወይስ ሁለት የሚለውን ክርክር ከዚህ ትራክ ጋር አድርጎ ማየት ይገባል። በኖቬምበር 2025 ፊኒክስ ላይ ዴኒ ሃምሊን 208 ዙር መርቶ ለመጀመሪያ ሻምፒዮናው ሦስት ዙር ሲቀረው የባይረን ጎማ ተንፍሶ ቢጫ መጣ። ሃምሊን ከመሪነት ገብቶ አራት ጎማ ቀየረ፤ ካይል ላርሰን ሁለት። ሃምሊን አሥረኛ፣ ላርሰን አምስተኛ ሆነው ተነሡ፤ የቀረው በጭማሪ ሁለት ዙር ብቻ ነበር። ላርሰን ሦስተኛ፣ ሃምሊን ስድስተኛ ሆነው ጨረሱ፣ ዋንጫው የላርሰን ሆነ፤ በዚያ ቀን አንድም ዙር ሳይመራ። ውሳኔው ስህተት ነበር ብለን እናምናለን፤ ምክንያቱም ወደ ግራ ብቻ በሚዞር ትራክ ሸክሙን የሚችሉት የቀኝ ጎማዎች ናቸው፣ ሁለቱን መቀየር ከጥቅሙ አብዛኛውን ይሰጣል። አራቱ የሚሰጡትን ትርፍ ለማውጣት ደግሞ ሁለት ዙር አይበቃም። ነገር ግን መሪ ሆኖ መግባት ከኋላ ያሉት ምን እንደሚያደርጉ ሳያዩ መወሰን ነው፤ እነሱ ግን ያንተን አይተው ተቃራኒውን ማድረግ ይችላሉ። ሃያ ዙር ቀርቶ ቢሆን፣ ትራኩም ዳርሊንግተን ቢሆን፣ አራቱን የቀየረ ሁሉንም ይጠራርግ ነበር። ለሃምሊን የማያዝን የናስካር ወዳጅ ይኖራል ብለን አናምንም።

እሱ ራሱ በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ እዚሁ ዳርሊንግተን ያሸነፈው በፒት ሠራተኞቹ ነበር። ባይረን የመጀመሪያዎቹን 243 ዙር ሁሉ መራ። በመጨረሻው ቢጫ የሃምሊን ቡድን ከሁሉም ቀድሞ አስወጣው፣ በጭማሪው ዙር ድሉ የእሱ ሆነ።

ለሚቀመጥ ሰው፦ ከፍ ያለ ረድፍ ይመረጣል፤ ዝቅ ካሉ የትራኩ ግማሽ አይታይም። የሹፌሩንና የክሩ ቺፉን የሬዲዮ ንግግር የሚያሰማ መቀበያ በር ላይ ይከራያል፤ ያለ እሱ ስልቱን መከታተል አይቻልም። ለልጆች የጆሮ መከላከያ ግዴታ ነው እንላለን።

ሦስተኛ ቀን፦ ሌቭል ክሮስ፣ ማርቲንስቪል፣ ስቱዋርት

ከሻርለት ወደ ሰሜን ምሥራቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የሪቻርድ ፔቲ ቤተሰብ ሙዚየም ሌቭል ክሮስ አለ። 200 ድል፣ ሰባት ሻምፒዮና፣ ሰባት ዴይቶና 500። 200ኛው ጁላይ 4 ቀን 1984 ዴይቶና ላይ ፕሬዚዳንት ሬገን ባሉበት ተገኘ። ከሰባቱ ሻምፒዮና ጋር የተስተካከሉት ዴል ኧርንሃርትና ጂሚ ጆንሰን ብቻ ናቸው።

ማርቲንስቪል 0.526 ማይል፣ ከ850 ሜትር ያነሰ ነው። ረጅም ቀጥታ፣ ጠባብ ማዞሪያ፣ 12 ዲግሪ ብቻ። ቀጥታው አስፋልት፣ ማዞሪያው ኮንክሪት። ለአሸናፊ የሚሰጠው ከ1964 ጀምሮ የቁም ሰዓት ነው።

እዚህ የሚያልቀው ፍሬን ነው። በዙር ሁለት ጊዜ ክፉኛ ይረገጣል፤ በ500 ዙር ውድድር አንድ ሺህ ጊዜ። የፍሬኑ ዲስክ እስኪቀላ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ቸርኬው ይሻገራል፣ ከቸርኬው ጋር የሚገናኘው የጎማ ጠርዝ ይቀልጣል፣ ጎማው ይተነፍሳል። ሹፌሩ ግን ስለታም ነገር የረገጠ ይመስለዋል። ፍሬኑን ያልጠበቀ በመጨረሻዎቹ ሃምሳ ዙር ይቀጣበታል።

አንድ ዙር 20 ሴኮንድ ያህል ነው፣ የፒቱ ፍጥነት ደግሞ ዝቅተኛ፤ ስለዚህ በአረንጓዴ ባንዲራ መግባት ሁለት ዙር ገደማ ያስከፍላል። ሁሉም ቢጫ ይጠብቃል። አዲሱ መኪና ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ፣ ትልልቅ ፍሬንና ሰፊ ጎማ ስላለው ከማዞሪያ አወጣጥ ላይ የተሳሳተ ሹፌር ማርሽ ቀይሮ ስህተቱን ይሸፍናል። ማለፍ ከባድ የሆነው ለዚህ ነው። 670 የፈረስ ጉልበት ለዚህ ትራክ ያንሳል ብለን ስንከራከር ቆይተናል። ከ2026 ጀምሮ ከ1.5 ማይል ባነሱ ትራኮች 750 እንዲሆን መወሰኑ ትክክል ነው፤ ጉልበት ሲበዛ የኋላ ጎማ ይሽከረከራል፣ የተሽከረከረ ጎማ ቶሎ ያልቃል፣ ጎማ ሲያልቅ የክሩ ቺፉ ውሳኔ ዋጋ ያገኛል።

በኦክቶበር 2022 ሮስ ቻስቴን ለሻምፒዮናው ፍጻሜ ለመድረስ ሁለት ደረጃ ሲቀረው በመጨረሻው ዙር ማርሹን አምስተኛ ላይ አድርጎ፣ እግሩን ከቤንዚኑ ሳያነሣ፣ የቀኝ ጎኑን ከውጪው ግድግዳ ጋር አስጠግቶ ዞረ። አምስት መኪና አለፈ፤ ዙሩን በ18.845 ሴኮንድ ጨረሰ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ናስካር እንዲህ ያለውን ከደኅንነት ደንብ አንጻር እንደሚቀጣ አሳወቀ። ድፍረቱን እናደንቃለን፣ ክልከላውንም እንደግፋለን። ግድግዳው አጥሩን የሚይዙ ምሶሶዎችና በሮች አሉት፤ ሁለተኛው ሞካሪ እንደ መጀመሪያው ዕድለኛ ላይሆን ይችላል።

ከማርቲንስቪል ወደ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ዳንቪል አለ፣ የዌንዴል ስኮት ከተማ። በዲሴምበር 1 ቀን 1963 ጃክሰንቪል ላይ አሸንፎ በዋናው ምድብ ድል ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ሹፌር ሆነ። ባንዲራውና ዋንጫው ግን ለባክ ቤከር ተሰጡ፤ ድሉ ቆይቶ ተመዘገበለት፣ ዋንጫው ግን በሕይወት ሳለ እጁ አልገባም። መኪናውን ራሱ ይጠግን ነበር፣ ልጆቹም የፒት ሠራተኞቹ ነበሩ። ወደ ዝና አዳራሹ የገባው በ2015 ነው። ከእሱ በኋላ ሌላ ጥቁር ሹፌር በዋናው ምድብ ያሸነፈው በ2021 ነው፤ ባባ ዋላስ፣ ታላዴጋ ላይ።

ወደ ምዕራብ ደግሞ ስቱዋርት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ግሌንና ሌናርድ ውድ የሚባሉት ወንድማማቾች በ1950 ቡድናቸውን የመሠረቱባት። ዛሬ የምናየውን ፒት ስቶፕ የፈጠሩት እነሱ ናቸው። ሌሎች ቡድኖች ጎማ ሲቀይሩ ሲጋራ ያጨሱ በነበረበት ዘመን እያንዳንዱን እርምጃ ለይተው ተለማመዱ፣ ክሪኩን አቀለሉ። በ1965 ኢንዲያናፖሊስ 500 ላይ የጂም ክላርክን ሎተስ ፎርድ ፒት እንዲሠሩ ተጠርተው ክላርክ አሸነፈ። ሙዚየማቸው ትንሽ ነው፣ ግን ለፒት ወዳጅ ከትልልቆቹ ይበልጣል።

አራተኛ ቀን፦ ብሪስቶል

ከስቱዋርት በተራራ መንገድ ሦስት ሰዓት ያህል። ብሪስቶል 0.533 ማይል ነው፣ ማርቲንስቪልን በርዝመት ያክላል፤ በሌላው ሁሉ አይገናኙም። ሙሉ በሙሉ ኮንክሪት ነው፣ ማዞሪያው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይቆማል፣ አንድ ዙር 15 ሴኮንድ ገደማ። ሰልፉ ወዲያው ክብ ስለሚሞላ መሪው ሃያ ዙር ሳይሄድ ኋለኞቹን ያገኛል።

በማርች 2024 የተደረገው ውድድር ጎማ ምን እንደሚያደርግ ያሳየ ነው። እንደተለመደው ጎማው የሚጥለው ላስቲክ ኮንክሪቱ ላይ ተጣብቆ መያዣ መሆን ነበረበት። በዚያ ቀን አልተጣበቀም፤ ፍርፋሪ ሆኖ ወደ ላይኛው መስመር ተበተነ። ጎማዎች ሃምሳ ዙር ሳይሞላቸው ሽቦአቸው መውጣት ጀመረ፤ ለቡድኖቹ ተጨማሪ አንድ ስብስብ ጎማ እስከ መስጠት ተደረሰ። መሪነት 54 ጊዜ ተቀያየረ፤ በአጭር ትራክ ታሪክ ከፍተኛው ነው። ሃምሊን አሸነፈ፣ ከመሪው ጋር በአንድ ዙር ላይ የጨረሱት አምስት ብቻ ነበሩ። ያሸነፈው ቀስ ብሎ መንዳት የሚያውቀው ነው። በፍጥነት የሚጠፋ ጎማ ሲኖር ሹፌሩ መሪውን በትንሹ ያዞራል፣ ከማዞሪያ ሲወጣ ቤንዚኑን ቀስ ብሎ ይረግጣል፣ ለሃያ ዙር ሌሎች እንዲያልፉት ይፈቅዳል፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል። አንዳንዶች "ይህ ውድድር አይደለም፣ ጎማ መጠበቅ ነው" ብለው ቅሬታ አሰሙ። እኛ ተቃራኒውን እናምናለን፤ የሹፌር ችሎታ የዚያን ቀን ያህል የሚለይበት ጊዜ የለም።

አምስተኛ ቀን፦ መንገድ

ወደ አላባማ በቻተኑጋ በኩል መውረድ ይቻላል። በአትላንታ ማለፍ ግን ይሻላል፤ ክላርክስተን አካባቢ እንጀራ ያገኛሉ፣ በማግስቱም ታላዴጋ በአይ 20 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ከሁለት ሰዓት ያነሰ ነው። ለአትላንታ ነዋሪ ከከተማው በስተደቡብ ሃምፕተን ያለው ትራክ ቅርቡ ነው። በ2022 አዲስ አስፋልት ለብሶ ማዞሪያው ወደ 28 ዲግሪ ከፍ ስላለ፣ ርዝመቱ ለሻርለት የቀረበ ሆኖ ሳለ የሚነዳው እንደ ታላዴጋ መኪኖቹ ተጠጋግተው በጥቅል ነው። በፌብሩዋሪ 2024 ዳንኤል ስዋሬዝ፣ ራያን ብሌኒና ካይል ቡሽ ጎን ለጎን ገብተው ስዋሬዝ በ0.003 ሴኮንድ ቀደመ።

ስድስተኛ ቀን፦ ታላዴጋ

አላባማ ሰዓቷ ከአትላንታ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ የመግቢያ ትኬት ላይ ያለው ሰዓት የአላባማ ነው። ትራኩ በ1969 የተከፈተ፣ 2.66 ማይል፣ 33 ዲግሪ። በ1987 ቢል ኤልየት በማጣሪያ 212.809 ማይል በሰዓት ነዳ፤ እስከ ዛሬ አልተሰበረም። በዚያው ውድድር የቦቢ አሊሰን ጎማ ፈንድቶ መኪናው ተነሥቶ የተመልካቹን አጥር ስለመታ ከ1988 ጀምሮ ወደ ሞተር የሚገባውን አየር የሚቀንስ መገደቢያ ግዴታ ሆነ። ዛሬ እዚህ ሞተሩ 510 የፈረስ ጉልበት ነው።

ዳርሊንግተን ላይ የተማሩት ሁሉ እዚህ ይገለበጣል። ጎማ አይበላም። ብቻውን የሚነዳ መኪና ከፊቱ አየር የሚከፍትለት ስለሌለ በዙር ብዙ ይቀራል፤ ፒት የሚገባውም በቡድን ነው፦ ቶዮታዎች አብረው፣ ፎርዶች አብረው፣ ሼቭሮሌዎች አብረው። ብቻውን የገባ ወይም ሲወጣ ከጓደኞቹ የተነጠለ ቀኑ አልቆለታል። ጎማ ካልተቀየረ ፒት ውስጥ የሚቆየው ነዳጁ እስኪገባ ብቻ ነው፤ ትንሽ የሚያስፈልገው ቀድሞ ይወጣል። ስለዚህ መኪኖቹ ሦስት ሦስት ሆነው ተሰልፈው ቤንዚኑን በግማሽ ብቻ እየረገጡ ይነዳሉ፣ መሪው ሆን ብሎ ያዘገያቸዋል፣ ከኋላ ያሉትም ማለፊያ ስለሌላቸው አብረው ይቆጥባሉ። ለክሩ ቺፍ ብልህነት ነው። ለከፈለ ተመልካች ግን ጥሩ አይደለም፤ ምዕራፎቹ የሚያልቁበት ዙር ከነዳጅ ርቀት ጋር እንዳይገጣጠም አድርጎ መከፋፈል ይህንን ይቀንሰዋል ብለን እናምናለን።

ብዙ ውድድር የሚበላሸው ፒት መግቢያው ላይ ነው። ከ180 ማይል በላይ ከሚሄድ ፍጥነት ወደ 55 መውረድ ያስፈልጋል፣ ከኋላ የሚገፋው መኪና ግን የፊተኛው መቼ እንደሚፈርን አያውቅም። ፍሬን በጣም ከተረገጠ ጎማ ይቆለፋል፣ አንድ ቦታው ላይ ይላጣል፣ ሲወጣ ይፈነዳል። ልምድ ያላቸው አንድ ዙር ቀድመው በሬዲዮ ይነጋገራሉ፤ የሚገባው ሹፌርም እጁን በመስኮት ያወጣል።

መቀመጫ ሲገዙ ይህን ይወቁ፦ የፍጻሜው መስመር ታላዴጋ ላይ እንደ ሌሎቹ ትራኮች በዋናው ቀጥታ መሀል አይደለም። የፒቱን መውጫ ተጠግቶ፣ ወደ አንደኛው ማዞሪያ አቅጣጫ ነው ያለው። ከአራተኛው ማዞሪያ የወጣ መሪ መስመሩ ላይ እስኪደርስ ከሌላ ቦታ ይልቅ ረጅም ርቀት ይቀረዋል፤ ከኋላው ያለው ሁለተኛ ሙከራ የሚያደርግበት ጊዜ አለው። ዴል ኧርንሃርት በኦክቶበር 2000 አምስት ዙር ሲቀረው 18ኛ ሆኖ ሳለ ያሸነፈው፣ የመጨረሻው 76ኛ ድሉ፣ እዚህ ነው። ስለዚህ በፍጻሜው መስመርና በአንደኛው ማዞሪያ መካከል፣ ከፍ ካለው ረድፍ ላይ መቀመጫ ይግዙ፤ በባለ ሦስት ማዕዘኑ ቀጥታ (መሀሉ ላይ በታጠፈው ዋናው ቀጥታ) መሀል የተቀመጠ ማን እንደቀደመ ከስክሪን ነው የሚያየው።